ሚዛኑ ልክ ነበር

«ዋጠው» አለች።

«ቆይ እስቲ፣ ትንፋሽ ልውሰድ።»

«አባዬ ዋጠው አልኩህ። ውሃው እጄ ላይ ሊሞቅ ነው።»

አባቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ እጁን ብቻ አወጣ። ቢጫዋን ክኒን ከመዳፏ ላይ አንስቶ፣ በየቀኑ የሚውጣት እሱ እንዳልሆነ ሁሉ አገላብጦ አያት።

«ለመሆኑ አንቺን አለቃ አድርጎ የሾመሽ ማነው?»

«እማዬ።»

«እሷንስ ማን ሾማት?»

«አንተ ራስህ።»

ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ጋብ ሲልለት ክኒኗን ዋጠ፣ በላይዋ ውሃ ተጎነጨና አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ አሳያት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ፍተሻውን አልፏል።

«አለቃ» እቤት የወጣላት ስም ነው። የወጣላትም አባቷ የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ነበር። ሰውየው ሌላው ሁሉ ይሳካለታል፣ መድኃኒት ማስታወስ ግን አልሆነለትም። ቁርሱን ይበላና ክኒኑን ይረሳል፤ ክኒኑ ትዝ ካለው ደግሞ «ዋጥኩት ወይስ አልዋጥኩትም?» እያለ ከራሱ ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራል። አንድ ቀን ልጅቷ «በቃ!» አለችና የክኒን ማሸጊያዎቹን በሙሉ ሰብስባ እሷው ዘንድ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አንዲት ክኒን ተዘልላ አታውቅም። በዚህ ትኮራለች። ትንሽ ደግሞ ታበዛዋለች፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል?

እናቷም የወለደች እህቷን ልታርስ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ በር ላይ ቆማ የተናገረችው ይህንኑ ነበር። «ሳህን ባይታጠብ ግድ የለኝም። ቤቱ ቢዝረከረክም እችለዋለሁ። ክኒኑን እንዳይዘል ብቻ። አደራ!»

አለቃም አደራዋን በደንብ እየተወጣች ነበር፣ ጉንፋኑ እስኪመጣ ድረስ።

ጉንፋኑን ይዛ የገባችው ራሷ ነች። ክፍላቸው ውስጥ አንዱ ማሳል ሲጀምር ሌላው እየተቀበለው፣ በመጨረሻ አስተማሪው ጭምር አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ሲያስተምሩ ከረሙ። እሷ ስትታመም አባቷ ሥራውን ዘግቶ አልጋዋ አጠገብ ወንበር አስቀመጠ። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይቀያይርላታል፣ ሾርባውን እፍ እያለ ያጎርሳታል፣ አልጎርስም ስትለው ደግሞ የማያስቅ ቀልዱን ይነግራታል። እሷ ስትነሳ እሱ ተኛ። እና አሁን ተራው የእሷ ነው። ሾርባ መሥራት አልሆነላትም፤ ያጠጣችው ነገር ከዕቃ ማጠቢያ ውሃ ብዙም አይለይም ነበር። ክኒኑን ግን በሰዓቱ መስጠት ትችላለች።

ክኒኗን ከዋጠ ብዙም ሳይቆይ አባቷ ብድግ ብሎ ባልዲውን ጠየቀ። አለቃ ጀርባውን እያሻሸች ያዘችለት። ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፤ የወጣው ውሃና የዋጣት ቢጫ ክኒን ነበር።

ታዲያ ይቺ ክኒን ተወስዳለች ይባላል? አለቃ አሰበችበትና «አይባልም» ብላ ወሰነች። ከዩኒፎርሟ ኪስ ማሸጊያውን አውጥታ ሌላ ክኒን ፈለቀቀች።

«ኧረ ባክሽ ልጄ፣ ሆዴ ውስጥ እኮ ምንም የለም።»

«ለዚህ ነዋ!»

አባቷ አያት። ዓይኖቹ ደክመዋል፣ ግን ከእሷ ጋር ለመጣላት ልብ አልነበረውም። ተቀብሎ ዋጠ፤ ይቺኛዋ ከሆዱ አልወጣችም። አለቃም ደስ አላት። ውሃ ጠማኝ ሲላት ውሃ ሰጠችው፤ ጎረቤት የላከችለትን የብርቱካን ጭማቂ ግን «ስኳር አለበት» ብላ ከአጠገቡ አነሳችው።

«አሁን እንለካ» አለ አባቷ። መለካት ይወዳል።

መለካት እንጀራው ነው። ከመኖሪያቸው ሥር ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሱ ነች፤ እዚያ ሚዛን ይጠግናል፣ ያስተካክላል። የሥጋ ቤቱ ትልቅ ሚዛን፣ የአትክልት ነጋዴዎቹ ባለሰሃን ሚዛን፣ ትንፋሽ እንኳ የምታንቀጠቅጣት የወርቅ ቤቷ ሚዛን፣ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋሉ። የመፈተሻ ብረቶቹን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ የእጅ ወዝ ክብደት ይጨምራል ብሎ በባዶ እጁ አይነካቸውም። አለቃ ያደገችው እነዚህን ብረቶች በጨርቅ እያቀበለችው ነው። ነጋዴና ደንበኛ ሊደባደቡ ደርሰው ሲመጡ አባቷ ሚዛኑን ይፈትሻል፣ «ይኸው!» ይላል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በዚያ ቤት ቁጥር ከተናገረ ሰው አይከራከርም።

የስኳር መለኪያዋም መቶ አርባ ስድስት አለች።

«አየሽ!» አለ አባቷ፣ ትራሱ ላይ ተመልሶ እየወደቀ። «በደህናዬ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ቆንጆ ቁጥር አይቼ አላውቅም። ይቺ ቢጫዋ ክኒን ትባረክ። አሁን ጉንፋኑ ነው የቀረኝ፣ እሱ ደግሞ ይለቃል። በይ አንቺ ወደ ፈተናሽ።»

ፈተናው ከሰዓት ነው፤ የፊዚክስ። የመጨረሻዋ የፊዚክስ ውጤቷ ደግሞ የሚወራ አይደለም። አለቃ ደብተሯን ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ገጽ እንዳነበበች አንድ ድምፅ አላስነብባት አለ። የአባቷ ትንፋሽ ነበር። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ደግሞም ከሆዱ ድረስ እየሳበ ነው፤ ደረጃ ሮጦ የወጣ ሰው ይመስላል። ግን ከአልጋው አልተነሳም።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትተነፍሰው?»

«እ? ምንም። ሆዴን ትንሽ ይቆርጠኛል።»

ትራሱን ልታስተካክልለት ጎንበስ ስትል ትንፋሹ ፊቷ ላይ አረፈ። ሽታውን ታውቀዋለች፣ ከየት እንደምታውቀው ግን ወዲያው አልመጣላትም። ከዚያ ትዝ አላት። «ጥፍሬ» የምትባለው ጓደኛዋ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ ብላ፣ ዘበኛው ሳያያት የጥፍር ቀለሟን የምታስለቅቅበት ነገር ነው። አሴቶን። አባቷ የጥፍር ቀለም እንደማይቀባ ደግሞ እርግጠኛ ነች።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች።

«ለጉንፋን?»

«አተነፋፈስህ ደስ አላለኝም።»

«ቁጥሩን አይተሻል አይደል? ሐኪም ቤት አሁን የጉንፋን ገበያ ነው፤ ሌላ ሸምቼ ልምጣ? እናትሽም ከሰማች አራሷን ጥላ ነው የምትመጣው። ተይ እባክሽ፣ አታካብጂ። ሂጂ ተፈተኚ።» ይህን ብሎ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ወሰደ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

አለቃ መለኪያዋን አንስታ ጣቱን ጠቅ አደረገችው። አልነቃም፤ ፊቱን ብቻ ጨመደደ። መቶ አርባ ስምንት። ልክ ነው። ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ ታዲያ ለምንድን ነው ልቧ እንዲህ የሚመታው?

ቦርሳዋን አንግታ ደረጃውን ወረደች። በስተግራ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ነው፣ በስተቀኝ መድኃኒት ቤቱ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ጥፍሬ ነበረች፦ «የት ነሽ? ቦታ ይዤልሻለሁ። የሚመጣውን ገጽ ነግረውኛል። ፈታ በይ!» አለቃ መንገዱ ዳር ቆመች። ማስታወኩን የሚያቆም ነገር ገዝታ፣ ሰጥታው፣ ሮጣ ትደርሳለች። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነችና ወደ ቀኝ ታጠፈች።

መድኃኒት ቤቱ የሚያስል ሰው ሞልቶታል። ፋርማሲስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አንዱን ከአንዱ ሳታደበላልቅ ታስተናግዳለች። የአለቃ ተራ ሲደርስ «ለማስታወክ የሚሆን ስጡኝ፣ ለአባቴ» አለች።

«ምን አገኛቸው?»

«ጉንፋን ነው። ኃይለኛው።»

«እየበሉ ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ አልበላም።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

አለቃ በኩራት ማሸጊያዎቹን ከኪሷ አወጣችና መስታወቱ ላይ ደረደረቻቸው። ነጩንም ቢጫውንም የስኳር ክኒን። የፋርማሲስቷ እጅ ቢጫው ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች።

«ይሄን አሁንም እየወሰዱ ነው? ታመውም?»

«አንድም ቀን ዘሎ አያውቅም» አለች አለቃ። «እኔ ነኝ የምሰጠው።»

«አተነፋፈሳቸው እንዴት ነው?»

አለቃ ነገረቻት። የሆዱን ቁርጠትም፣ እንቅልፉንም፣ የአሴቶኑን ሽታም ነገረቻት። ከዚያ ቶሎ ብላ «ግን ስኳሩ ልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ» አለች።

ፋርማሲስቷ ወረፋውን ትታ ከባንኮኒው ወዲህ ወጣች። «ስሚኝ እናቴ። ይህ ክኒን ስኳሩን በሽንት ነው የሚያስወጣው። ሰው ጤነኛ ሆኖ ሲበላ ሲጠጣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ታሞ ምግብ ካቆመ፣ ካስታወከም፣ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ስኳር ሲያጣ ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ያኔ ደም ውስጥ ኪቶን የሚባል አሲድ ይጠራቀማል። ክኒኑ ስኳሩን እያስወጣ ስለሆነ መለኪያው ላይ ምንም አይታይም። የሸተተሽም፣ ትንፋሻቸውም የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። የማስታወክ መድኃኒት አልሸጥልሽም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።»

«ፈተና...» አለች አለቃ። ለምን እንዳለችው አታውቅም፤ አፏ ላይ የነበረው ቃል ነው የወጣው።

«ፈተናው ይደርሳል። ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂና በሩ ላይ ላገኘሽው ሐኪም አሳዪ። ኪቶን ይለካልኝ በይ። ስኳሩ ልክ ነው ብለው ቢመልሷችሁ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ። ኪቶን። በይው እስቲ።»

«ኪቶን።»

«ጎበዝ። ሩጪ!»

ሮጠች። ስትሮጥ አንድ ነገር ከኋላዋ አብሯት ይሮጥ ነበር፦ ጠዋት የሰጠችው ክኒን። ከዚያም በላዩ የደገመችው።

ከአባቷ ሱቅ ጎን ፀጉር ቤት አለ። ፀጉር ቆራጩ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ጺም በምላጭ እየላጨ ነበር። አለቃ በሩን በርግዳ «ጋሼ! አባዬን እርዳልኝ!» ስትል ምላጩን አስቀመጠ፣ እጁን በሸሚዙ ጠረገና ምንም ሳይጠይቅ ተከተላት። ወፍራሙ ሰውዬም ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ጨርቅ ሳይፈታ ከወንበሩ ተነሳ። «መኪና አለኝ» አለ።

አባቷ ግን ሦስቱንም በክርክር ጠበቃቸው። መቀመጥ እያቃተው መከራከር አላቃተውም።

«ሰው እንዳይስቅብን... ሁለት ጊዜ ለክታኛለች... ልክ ነው... የትም አልሄድም።»

ፀጉር ቆራጩ አለቃን አያት። አለቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የአባቷን እጅ ያዘች።

«አባዬ፣ የምጠይቅህን መልስልኝና ከዚያ እንደፈለግህ ሁን። ሚዛንህ የበሰበሰ ቲማቲምና ደህና ቲማቲም ይለያል?»

«ምን አገናኘው?»

«መልስልኛ!»

«አይለይም። እሱ... ኪሎውን ነው የሚናገረው።»

«ይሄ መለኪያም ስኳርህን ብቻ ነው የሚናገረው። ደምህ ተበላሽቶ ቢሆንስ? እሱን ማን ጠየቀው?»

አባቷ አንድ እግሩን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ። «ጫማዬን ስጡኝ» አለ።

መኪናው ውስጥ አለቃ የአባቷን ራስ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ትንፋሹን ስታዳምጥ፣ ሰውዬው በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው የደረቀውን አረፋ ከጉንጩ እየፈገፈገ ነዳ። ማናቸውንም አያውቃቸውም። አንድም ጊዜ ግን «ረፈደብኝ» አላለም። አለቃ ይህን ሰውዬ ዕድሜዋን ሙሉ እንደማትረሳው በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታውቋታል።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ያገኘቻት ነርስ ቢጫውን ማሸጊያ ስታይና «ኪቶን» የሚለውን ቃል ስትሰማ ወረፋ አላለቻቸውም፤ አልጋ አስመጣች። ወጣቱ ዶክተር ወዲያው መጣ። ትንፋሹን አዳመጠ፣ ደም ወሰደ፣ ፈሳሽ እንዲሰቀልለት አዘዘ። እጁ እየሠራ አፉ ይጠይቃል።

«ይህን ክኒን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የወሰዱት?»

አለቃ አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ቀደማት። ዓይኑ ግማሽ ተጨፍኗል፣ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ነው።

«ከትናንት... በፊት። ከዚያ ወዲህ አልወሰድኩም። ራሴ ነኝ የምወስደው። ልጄ ስለዚህ ነገር አታውቅም።»

አለቃ አባቷን አየችው። ሰውየው በሕይወቱ አንዲት ግራም ዋሽቶ አያውቅም። እዚህ ግን፣ መተንፈስ እያቃተው፣ የቀረችውን ጥቂት ትንፋሽ እሷን ለመሸፈን ያወጣታል። ለአንድ አፍታ ዝም ማለት አማራት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዶክተሩ አይጠይቃትም፣ እናቷም አትሰማም፣ «አባትሽን ማን እንዲህ አደረገው?» የሚላት አይኖርም። ዶክተሩ ፊቱን ወደ ነርሷ አዙሮ ሊናገር ሲል አለቃ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች።

«ዛሬ ጠዋት ነው የወሰደው» አለች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። የመጀመሪያዋን አስታወካት፣ ከዚያ ሌላ ደገምኩለት። እሷ ሆዱ ውስጥ ነች። ነጩንም ወስዷል። እሱ አልፈልግም እያለ ነው የሰጠሁት።»

እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው ከንፈሯ ጨው ጨው ሲላት ነው። ዶክተሩ ግን አልተቆጣም። እንዲያውም ፊቱ ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር አየች።

«ይህን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አላት። «ይህ ክኒን ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ዛሬ መውሰዳቸውን ካወቅን በምን ያህል ጥንቃቄ፣ እስከ መቼ እንደምንከታተላቸው እናውቃለን። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ ሥራውን ለእኛ ተይልን።»

ተቀመጠች። ፀጉር ቆራጩ ውሃ ገዛላት። ግማሽ ፊቱ የተላጨው ሰውዬ ደግሞ አንዲት ሕፃን ልጅ ፊት ለፊቱ ቆማ ፊቱን በመገረም ስታየው፣ አንዴ የተላጨውን ጉንጩን አንዴ ያልተላጨውን እያዞረ ያሳያታል። አለቃ ሳታስበው ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ እንባዋ እንደገና መጣ። ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት። የክኒኑንም።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ፋርማሲስቷ የጠረጠረችው ሆነ። ዶክተሩ ደሙ ውስጥ አሲድ እንደበዛ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ራሱን ሊስት ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን በጊዜ እንደደረሱ ነገራቸው። አለቃ «በጊዜ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ቀረች። ለሁሉም አመሰገነች፤ ለነርሷ፣ ለዶክተሩ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር። የጽዳት ሠራተኛዋ ግራ ተጋብታ «ምንም አይደል ልጄ» አለቻት።

በማግስቱ አባቷ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ቻለ። ትንፋሹ ወደ ቀድሞው ተመልሷል፣ ቀልዱም እንደዚያው። በአንደኛው ከረጢት ስኳር ያለበት ፈሳሽ፣ በሌላው ኢንሱሊን ተሰቅሎለታል። «እነዚህ ሰዎች ስኳር ይሰጡኛል፣ በዚያው ስኳር ማውረጃ ይሰጡኛል» አለ ለአለቃ። «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው፤ ሚዛን እያስተካከሉ ነው።» ቀልዱ እንደወትሮው ብዙ አያስቅም። አለቃ ግን ጎኗን ይዛ ሳቀች።

ጥፍሬ መልእክት ልካ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪው ጉዳዩን ሰምተው «ለብቻዋ እፈትናታለሁ» ብለዋል አሉ። «ግን ለብቻ ሲፈትኑ ኩረጃ የለም፤ በጣም አዘንኩልሽ!» የሚልም ጨምራበታለች።

እናቷ ስትደርስ ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ ነው የገባችው። አባቷን ግንባሩን ሳመችው፣ ከዚያ አለቃን አቅፋ ሳትለቃት ቆየች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች እናቷ። «በደወልኩ ቁጥር ክኒኑን ወሰደ ወይ እንጂ በላ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«የምን የአንቺ?» አለ አባቷ። «በሽታው የእኔ፣ ሆዱ የእኔ። ልጅ ቁርጠት አይታያትም፤ እኔ ነኝ ቁጥር አይቼ የተኛሁት።»

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች አለቃ።

ዶክተሩ ውጤት ሊያይ ሲገባ ሦስቱ ጥፋቱን እየተሻሙ ደረሰባቸው። ትንሽ ቆሞ አዳመጣቸው። «ለእኛም ተዉልን» አለ በመጨረሻ። «ይህን ክኒን ስንሰጥ ሲታመሙ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አስረድተን መላክ ነበረብን። ክኒኑ መጥፎ አይደለም፣ ለብዙ ሰው ልብና ኩላሊት ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ቫይረስ ሲመጣና ምግብ ሲቀር ነው አደጋው። ደግሞ ስትታመሙ ሁሉንም አቁሙ ማለቴ አይደለም፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ታመምኩ ብሎ ኢንሱሊኑን በገዛ ፈቃዱ ቢያቆም ያም ሌላ አደጋ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት የየራሱ ነገር አለው። ከመውጣታችሁ በፊት ነርሷ በዝርዝር ታስረዳችኋለች።»

ዶክተሩ ሲወጣ አለቃ ኪሷ ውስጥ የቀሩትን ማሸጊያዎች አውጥታ ለእናቷ አስረከበች። «ከእንግዲህ አንቺ ያዢው። እኔ አልችልበትም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፈርታ ነበር። ያቺ ሁለተኛ ክኒን ሆዱ ውስጥ ስትቀር የተሰማት ደስታ አሁንም ያስደነግጣታል። እናቷ ማሸጊያዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

የመውጫው ቀን ነርሷ መጣች፣ ያቺው በሩ ላይ የተቀበለቻቸው። የአባቷን ልብስ አለቃ አጣጥፋ ጨርሳ ነበር። ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«እቤት መድኃኒታቸውን የሚከታተልላቸው ማነው? ለእሱ ነው የማስረዳው።»

እናቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። አባቷ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ፤ ኮርኒሱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ማንም አለቃን አላያትም፣ ሆን ብለው ላለማየት እየታገሉ እንደሆነ ግን ያስታውቅባቸዋል። ስለዚህም ወደደቻቸው። እጇ ላይ የያዘችውን የአባቷን ሹራብ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ወደ እናቷ እጇን ዘረጋች። እናቷ ማሸጊያዎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት፣ የልጇንም ጣቶች በማሸጊያዎቹ ላይ አጠፈቻቸው። አለቃ ነርሷ ፊት ለፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እሺ የኔ ቆንጆ» አለች ነርሷ፤ «በሰዓት በሰዓቱ እንዴት እንደምትሰጪው...»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች አለቃ። «መጀመሪያ መቼ መቼ እንደማልሰጠው ይንገሩኝ።»